ሰርዲኑ ወደ ምሥራቅ ከሄደ በኋላ

ሴንት ሄሌና ቤይ የደረስኩት በግንቦት አጋማሽ፣ የደቡብ አፍሪካ ክረምት ሊገባ ሲል፣ የዓሣ ፋብሪካዎቹም ሥራ በሚበዛባቸው ሰሞን ነው። ከኬፕ ታውን በስተሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ያስኬዳል። ባሕረ ሰላጤው ሰፊና የተረጋጋ ነው፤ ፋብሪካዎቹ ዳርቻውን ተከትለው ተሠርተዋል፤ ከጭስ ማውጫዎቻቸው የሚወጣው የተቀቀለ ዓሣ ሽታ ልብስ ውስጥ ከገባ ቶሎ አይለቅም። እኔ የሐይቅ ሰው ነኝ። ሥራዬ ጣና ላይ ነው፤ ቆሮሶና አምባዛ ስለካ፣ ዕድሜያቸውን ስቆጥር ነው የኖርኩት። ወደዚህ ያመጣኝ ግን ሁለት ትንንሽ የባሕር ዓሦች፣ ሰርዲንና አንቾቪ ናቸው። ኬፕ ታውን ውስጥ በዓሣ ምርምር የሚሠራ የቆየ ወዳጄ፣ “ውቅያኖስ ውስጥ ያለ ዓሣ እንዴት እንደሚቆጠር ማየት ከፈለግህ ና” ብሎ ከጠራኝ ቆይቶ ነበር።

ውኃው ውስጥ እጄን ነክሬ ብዙ ማቆየት አልቻልኩም። የዚህ ባሕር ሀብት ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ቅዝቃዜ ነው። በበጋ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ የላይኛውን ውኃ ከዳርቻው ያርቀዋል፤ በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛና በንጥረ ነገር የበለጸገ ውኃ ይወጣል። ብርሃን ሲያገኘው በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት ይፈሉበታል፤ እነርሱን ጥቃቅን እንስሳት ይበላሉ፤ ሁሉንም ደግሞ ሰርዲንና አንቾቪ ይበላሉ። ከዚያ በላይ ያለው፣ ትልልቁ ዓሣም፣ አቆስጣውም፣ ወፉም፣ ሰውም፣ የሁለቱን ትንንሽ ዓሦች እጅ የሚጠብቅ ነው።

ወደቡ ላይ አንዲት ጀልባ ጭነቷን ስታራግፍ ደረስን። ወፍራም ቱቦ ከጀልባዋ ሆድ ዓሣውን ከነውኃው እየሳበ ወደ ፋብሪካው ይወስዳል። ናሙና የምትወስድ ወጣት ባለሙያ በባልዲ ቀድታ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችውና እየለየች ታሳየኝ ጀመር። ሁሉም ጣት የሚያህሉ፣ እንደ ብር የሚያብረቀርቁ ናቸው፤ ቅርፊታቸው ሲነኩት ይለቅና እጅ ላይ ይጣበቃል። አንቾቪው አፉ ከዓይኑ ኋላ ድረስ የተቀደደ ነው። ሰርዲኑ አፉ ትንሽ፣ ጎኑ ላይ በተርታ ጠቆር ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች አሉት። “ጀልባዋ የወጣችው ለአንቾቪ ነው፤ ግን ሕፃናቱ ሰርዲኖች ከአንቾቪው ጋር ተቀላቅለው ስለሚዋኙ አብረው ይያዛሉ” አለችኝ። ለብቻ የለየቻቸው ሰርዲኖች ቁልሉ ውስጥ ጥቂት ነበሩ። እነዚያ ጥቂቶች ግን በየጀልባው፣ በየሌሊቱ ሲደመሩ የነገውን ሰርዲን የሚያሳንሱ በመሆናቸው፣ አብሮ ለሚያዘው ሰርዲንም ራሱን የቻለ ገደብ ተቀምጧል። ገደቡ መጠበቁ የሚታወቀው እንደዚህች ልጅ ያለ ሰው በብርድ ቆሞ አንድ በአንድ ሲለይ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በጣም አከብራለሁ።

አንቾቪው አብዛኛው ለሰው ገበታ አይቀርብም። ይቀቀላል፣ ይጨመቃል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ የዶሮና የእርባታ ዓሣ መኖ ይሆናል። አንድ ቶን ዱቄት ለማግኘት ከአራት እስከ አምስት ቶን ጥሬ ዓሣ ይፈጃል። ይህ ለእኛም አካባቢ እንግዳ ታሪክ አይደለም፤ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችባቸው የ1950ዎቹ ዓመታት (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከቀይ ባሕር ይወጣ ከነበረው ዓሣ ትልቁ እጅ ሰርዲንና አንቾቪ ሆኖ ለዱቄት ይውል ነበር።

እዚህ ግን በመጀመሪያ የተፈለገው ሰርዲኑ ነበር። በ1940ዎቹ ፋብሪካዎቹ ተተከሉ፤ በ1962 የአንድ ዓመቱ የሰርዲን ምርት 400,000 ቶን ገደማ ደረሰ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ወደቀ። አስጋሪዎቹ መረባቸውን ቀዳዳው በጠበበ መረብ ለወጡና ወደ አንቾቪ ዞሩ። ሰርዲኑ እስኪያንሠራራ ብዙ ዓመታት አለፉ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባሕሩ እንደገና ሞላ፣ ሁሉም ደስ አለው። ሆኖም ሰርዲኑ የተመለሰው በለቀቀበት ቦታ አልነበረም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አብዛኛው ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ከኬፕ አጉላስ በስተምሥራቅ፣ በደቡቡ ዳርቻ ይገኝ ጀመር። ፋብሪካው ደግሞ ምዕራብ ነው፤ ሠራተኛውም፣ ወደቡም፣ ብድሩም ምዕራብ ነው። ስለዚህ በምዕራብ የቀረው ጥቂት ሰርዲን ከድርሻው በላይ ይሰገር ነበር። የባሕሩ መሞቅ ነው የገፋው ወይስ የመረቡ ብዛት የሚለው ክርክር አልተቋጨም፤ እኔ ሁለቱም እጃቸው አለበት ባይ ነኝ።

ስንመለስ ፍሬደንበርግ በምትባል ከተማ ከአንድ የሆሳዕና ልጅ ሱቅ ጎራ አልን። በደቡብ አፍሪካ የሰፈር ሱቅ የያዙ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። መደርደሪያው ላይ በቲማቲም የታሸገው ሰርዲን ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል።

“ጋሼ፣ እዚህ አገር ዳቦና ይህ ጣሳ ካለቀብህ ሱቁን መዝጋት ነው የሚሻልህ” አለኝ። “ለአንድ ቤተሰብ እራት ሁለቱ ይበቃሉ። ሥጋ ማን ይችላል?”

“ዓሣው ከየት እንደሚመጣ ታውቃለህ?”

“ከዚሁ ከጎረቤታችን ነው እንጂ፤ ፋብሪካው ያውላችሁ።”

ወዳጄ በአገሩ ከሚሸጠው የታሸገ ሰርዲን አብዛኛው ዛሬ ከሞሮኮና ከሌሎች ሩቅ አገሮች በረዶ ሆኖ የሚመጣ፣ እዚህ የሚታሸግ ብቻ መሆኑን ነገረው። ልጁ ጣሳውን አገላብጦ አየና፣ “አገር ቤት ስንበላ የኖርነውም የሞሮኮ ነበር። ታዲያ እኔ ምን ልሁን ብዬ ነው ይህን ያህል የተጓዝኩት?” ብሎ ሳቀ። የለስላሳውን ሒሳብ አልቀበልም አለን።

ኬፕ ታውን ተመልሰን ቤተ ሙከራ ገባን። ብዙ ሰዓት ያሳለፍኩት እዚያ ነው። የዓሣ ጆሮ ውስጥ ያለችውን ድንጋይ አውቃታለሁ፤ ቀለበቶቿን ቆጥሮ ዕድሜ ማወቅ የእኔም እንጀራ ነው። የሰርዲን የጆሮ ድንጋይ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ ያለ አጉሊ መነጽር ከጠረጴዛው ላይ ብትወድቅ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ዓይኑ ነው። አንዱ ተመራማሪ የሰርዲኑን ዓይን በመርፌ ወግቶ ፈሳሹን በመስታወት ላይ አፈሰሰና በማይክሮስኮፕ እንድመለከት ጋበዘኝ። ክብ ክብ ያሉ፣ የማይንቀሳቀሱ ጥገኛ ትሎች አየሁ፤ ገና እጭ ናቸው። ይህ ጥገኛ በምዕራቡ ዳርቻ ባለው ሰርዲን ላይ ይበዛል፤ ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በደቡብ የተያዘ ሰርዲን ዓይኑ ውስጥ ይህ ከተገኘ፣ በምዕራብ ያደገ መሆኑን ያሳብቃል። ዓሣ ላይ ምልክት አስሮ መልቀቅ በማይቻልበት ባሕር፣ ተፈጥሮ ራሷ ያሰረችውን ምልክት ማንበብ ማለት ነው። እንዲህ ባለው ማስረጃ ነው ሰርዲኑ አንድ ወጥ ሕዝብ እንዳልሆነ፣ የምዕራብና የደቡብ መንጋዎች እንዳሉና እየተቀላቀሉም ቢሆን የየራሳቸው ጠባይ እንዳላቸው የታወቀው።

በ2021 የወጣ የዘረ መል ጥናት በነገሩ ላይ ሌላ ነገር ጨመረበት። በየክረምቱ በአገሪቱ ምሥራቅ በኩዋዙሉ ናታል ዳርቻ ሽቅብ የሚተመው የሰርዲን ጎርፍ፣ ዶልፊንና ሻርክ የሚከተለው፣ ቱሪስት የሚጎርፍለት ትዕይንት፣ በአብዛኛው ቀዝቃዛ ውኃ የለመደ የአትላንቲክ ወገን ዓሣ ሆኖ ተገኘ። ለጥቂት ጊዜ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውኃ ያማልለዋል፤ ከዚያ ሙቁ ውኃ ይጠብቀዋል። ተመራማሪዎቹ ወጥመድ ነው ብለውታል።

ቆጠራው ራሱ የሚካሄደው በመርከብ ነው። ከ1984 ጀምሮ በየኅዳሩ አዋቂውን፣ ከ1985 ወዲህ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ገደማ አዲስ የተወለደውን ይለካሉ። ዓሦቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በደቡብ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነው በአጉላስ ባሕር ነው፤ እንቁላሉና እጩ በፈጣን ጅረት ተጭኖ ኬፕ ታውንን ዞሮ ወደ ሴንት ሄሌና ቤይ ይደርሳል፤ እዚያ አድጎ ተመልሶ ወደ ደቡብ ይዋኛል። መርከቧ ዳርቻውን በቀጥታ እየቆረጠች ወደ ጥልቁ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፤ ከሥሯ የድምፅ ሞገድ ትልካለች። ድምፁን አብልጦ የሚመልሰው በዓሣው ሆድ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው። ስክሪኑ ላይ ደመና የመሰለ ነገር ሲታይ መረብ ይጣልና ደመናው ሰርዲን ይሁን አንቾቪ ይጣራል። የድሮ ቅጂዎችን አሳዩኝ። አንድ ቀይ ደመና በሺህ የሚቆጠር ቶን ሊሆን ይችላል፤ በመስመሩና በመስመሩ መካከል ያለው መንጋ ግን ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ ውጤቱ ሁልጊዜ ከነጥርጣሬው ይጻፋል። ኮታ የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። ለረጅም ጊዜም ኮታው የሚሰጠው ለመላው ባሕር ዳርቻ በአንድነት ነበር።

የአንድነቱን ጉድለት በደንብ የተረዳሁት ስቶኒ ፖይንት ስሄድ ነው። ከኬፕ ታውን ደቡብ ምሥራቅ፣ ቤቲስ ቤይ በምትባል መንደር፣ ፔንጉዊኖች በድንጋዮቹ መካከል ጎጆ ሠርተዋል። አንዷ ከባሕር ወጥታ፣ ደረቷ ላይ ውኃው ገና ሳይደርቅ፣ ሁለት ጫጩቶች ወደ አፏ ተንጠራሩ። አንዱን አበላች። ሁለተኛው ደጋግሞ መንቁሯን ቢነካም የተረፈ ነገር የለም። ጫጩት ያላት ፔንጉዊን ብዙ መራቅ አትችልም፤ ከጎጆዋ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ዓሣ ካላገኘች ሌላ ቦታ ሞልቶ መገኘቱ አይረባትም። ላባቸውን በሚቀይሩበት ጊዜ ደግሞ ሦስት ሳምንት ያህል ባሕር አይገቡም፤ አስቀድመው ካልሰቡ በረሃብ ይሞታሉ። የአፍሪካ ፔንጉዊን በ2024 ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ገብቷል። ዛሬ በደቡብ አፍሪካ የቀሩት ጥንዶች ከአሥር ሺህ በታች ናቸው።

ፔንጉዊኖቹ በሚራቡባቸው ደሴቶች ዙሪያ ማስገር ቢከለከል ይጠቅማል ወይ የሚለውን ለማወቅ ከ2008 ጀምሮ አንዱን ደሴት እየዘጉ ሌላውን እየከፈቱ ሞክረዋል። ውጤቱ ጥቅም አሳይቷል፤ ትልቅ ግን አይደለም፤ አስጋሪዎቹም ይህንኑ ይዘው ተከራከሩ። ሴንት ሄሌና ቤይ ያነጋገርኩት አንድ የጀልባ አዛዥ፣ “ደሴቱን ዘግተው ነዳጁን እኔ ላይ ጫኑት፤ ወፏን የገደላት እኔ ብቻ ነኝ?” ብሎኛል። ብቻውን አይደለም፤ የወፏ እንቁላል ለገበያ ሲሰበሰብ፣ ጎጆዋን የምትቆፍርበት የኩስ ክምርም ለማዳበሪያ ሲጫን ኖሯል። በመጋቢት 2025 የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት፣ ስቶኒ ፖይንትና ሮበን ደሴትን ጨምሮ በስድስት መራቢያዎች ዙሪያ ሰርዲንና አንቾቪ ማስገር ለዓመታት ተከልክሏል። አዛዡ ያነሣው የነዳጅ ጉዳይ መልስ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ፤ ክልከላው ግን ትክክል ነው። ዓሣው ይንቀሳቀሳል፤ ጀልባውም በወጪ ቢሆን ይንቀሳቀሳል፤ ጎጆ የያዘችው ወፍ ግን የትም አትሄድም።

ጣናን ያሰብኩት እዚያው ድንጋዮቹ ላይ ቆሜ ነው። እኛ ዘንድ ነጭ ዓሣው በነሐሴና በመስከረም እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሲወጣ፣ መረቡ የሚጠብቀው በወንዙ አፍ ላይ ነው። የሐይቁ የዓመት ምርት በቶን ስንት ነው የሚለውን ለመመለስ ብዙ ደክመናል፤ ስንቱ ከወንዝ አፍ፣ በየትኛው ሳምንት፣ እንቁላሉን ሳይጥል እንደተያዘ ግን በየዓመቱ አንመዘግብም። ባሕር ዳር እንደገባሁ ከተማሪዎቼ ጋር የምንሠራው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው፤ የወንዞቹን አፍ አንድ በአንድ በካርታ ላይ ማስፈር፣ ከዚያም ክረምቱን ሙሉ በየመውጫው መረብ የሚጥሉትን ሰዎች አብረን ተቀምጠን መጠየቅ።