ለሁለት ሰው ከፍዬ ብቻዬን

ክሩዝ በሚሉት የመርከብ ሽርሽር ላይ ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ይከፍላል። ዋጋው የሚወጣው "አንድ ካቢን፣ ሁለት ሰው" ተብሎ ስለሆነ፣ ግማሹ አልጋ ባዶ ቢያድርም ሒሳቡ አይቀርም። ቅናሽ የሚያደርጉ መርከቦች አሉ። የእኔዋ ግን ከእነሱ አይደለችም። ስለዚህ የሌለውን ባሌን ቲኬት ከፍዬ ነው የመጣሁት። ሰውየው ምንም አያስቸግርም። አያንኮራፋም። በረንዳ ላይ ቦታ አይሻማኝም። "ዛሬ የት እንሂድ?" እያለ አይጨቀጭቀኝም። ለወጣበት ብር ግን ቢያንስ ሻንጣዬን ቢይዝልኝ ጥሩ ነበር።

ገንዘቡ የሌሊት ሥራ ገንዘብ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ነኝ፤ ትርፍ ሰዓት ሲመጣ እምቢ ብዬ አላውቅም። "በዚህ ብር አገር ቤት አንድ ነገር አይሠራበትም ነበር?" ያሉኝ ዘመዶች አሉ። ይሠራበት ነበር።

ዛሬ ማለዳ መርከቧ የማልታ ዋና ከተማ ቫሌታ ስትገባ ፊቴን ሳልታጠብ ጋቢዬን ደርቤ በረንዳ ወጣሁ። ግራንድ ሃርበር የሚሉት ወደብ ግራና ቀኙ ምሽግ ነው። ግንቡ ከውኃው ይጀምራል። ድንጋዩ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከደሴቲቱ ከራሷ ተፈልፍሎ የወጣ። እ.ኤ.አ. በ1565 የኦቶማን ቱርክ ጦር ማልታን ከቦ ወራት ሙሉ ቢደበድባትም አልያዛትም። የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የሚባሉት ገዢዎቿ በሚቀጥለው ዓመት ይህን ከተማ መቆርቆር ጀመሩ፤ ስሙንም በአለቃቸው በዣን ደ ላ ቫሌት ሰየሙት። ሰዎቹ መነኮሳትም ወታደሮችም ነበሩ። ከተማቸውን ሳየው ወታደርነቱ ሳያመዝንባቸው አልቀረም።

ገና መርከቧ ሳትታሰር እማዬ ደወለች።

"የት ደረሽ?"

"ማልታ ገባን፣ እማ።"

"እሱ ደግሞ የት ነው?"

"ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ የተሰበረበት። መላጥያ።"

"እሰይ! ስትወርጂ ተሳለሚልኝ እሺ።" ትንሽ ዝም አለች። "ሥራው ግን አይከብድም?"

"ሥራ አይደለም እኮ እማዬ። ሽርሽር ነው አልኩሽ።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ብቻ ሰዎቹ ደጎች ናቸው? ምግብ በሰዓቱ ይሰጡሻል?"

ይሄን ጥያቄ የጀመረችው ቤሩት ሳለሁ ነው። አሜሪካ ገባሁ፣ ተማርኩ፣ ነርስ ሆንኩ፤ ጥያቄው አልተለወጠም። በሰዓቱ ይሰጡኛል አልኳት። እንዲያውም ይበዛል።

ለመውረድ ካርድን ማስነካት ብቻ ነው። ማሽኑ ቢፕ ይላል፣ የፊትሽ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ጥበቃው "መልካም ቀን" ይልሻል። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ተመልሶ መግባት አለበት። ከወደቡ ትንሽ በእግር ሄዶ ሊፍት አለ፤ 58 ሜትር ሽቅብ ወስዶ ከከተማው አናት፣ ከባራካ መናፈሻ ያወጣል። እዚያ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መድፍ ይተኮሳል። ድሮ የመርከብ አለቆች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉበት ነበር፤ ዛሬ ቱሪስት ስልኩን ደግኖ የሚጠብቀው ትርኢት ነው። እኔ በ2006ቱ የሊባኖስ ጦርነት ቤሩት ነበርኩ። መድፍ ለመዝናኛ አልሰማም። ቀድሜ ወደ ካቴድራሉ ሄድኩ።

የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ከውጭ ሲታይ ደረቅ ያለ ሕንፃ ነው። ውስጡ ወርቅ በወርቅ ነው። ሹል ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጎ መግባት ክልክል ነው፤ ምክንያቱም ወለሉ ሙሉ በሙሉ ባለ ቀለም እብነ በረድ የመቃብር ድንጋይ ነው፤ ወደ 400 ይጠጋል። የሚረገጠው የፈረሰኞቹ መቃብር ነው። ወርቁ ቶሎ ይሰለቻል። የመጣሁት በጎን ባለው ክፍል ለተሰቀለው ሥዕል ነው።

ጣልያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ የመጥምቁ ዮሐንስን አንገት መቆረጥ የሣለው እ.ኤ.አ. በ1608 እዚሁ ማልታ ሆኖ ነው። ወርዱ ከአምስት ሜትር ያልፋል። ሠዓሊው ስሙን የጻፈበት ብቸኛ ሥዕሉ እሱ ነው፤ የጻፈውም ከዮሐንስ አንገት በሚፈሰው ደም ነው። እኛ እንቁጣጣሽን "ቅዱስ ዮሐንስ" የምንለው በእሱ ነው፤ አንገቱ የተቆረጠበት መታሰቢያም በማግስቱ፣ መስከረም 2 ይውላል። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። እንዲህ ሆኖ ግን አስቤው አላውቅም።

ሰይፉ መሬት ወድቋል። ሥራው ግን አላለቀም። ገዳዩ በግራ እጁ የዮሐንስን ፀጉር ጨብጦ፣ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ከወገቡ ቢላ እየመዘዘ ነው። የወህኒ ጠባቂው በጣቱ ወደ ሳህኑ ያመለክታል። አንዲት አሮጊት ለቅሶ ቤት እንደደረሰች ሁሉ ራሷን በሁለት እጇ ይዛለች። በመስኮት ፍርግርግ በኩል ሁለት እስረኞች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ከአሮጊቷ ጎን ደግሞ አንዲት ወጣት ጎንበስ ብላ ወርቃማ ሳህን ዘርግታለች።

የሄሮድያዳ ልጅ ሰሎሜ ናት የሚሉ አሉ። ገረድ ናት የሚሉም አሉ። እኔ ገረድ ናት ባይ ነኝ። የንጉሥ ቤት ልጅ እንዲያ አትጎነበስም። ወገቧን ያየ ያውቃል። ሳህን አምጪ ተብላለች፤ አመጣች። ምን እንደሚቀመጥበት የነገራት ያለ አይመስለኝም። ፊቷ ላይ ሐዘን ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። ያየሁት ሥራዋን ቶሎ ጨርሳ ለመሄድ የቸኮለች ሰው ነው። ብዙ ቆየሁ። ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ ቡድኑን ይዞ ይገባል፣ ይወጣል፣ ሌላው ይተካል። ብቻን የመሄድ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ "በቃ እንሂድ፣ ራበኝ" የሚል የለም። ካራቫጆ ራሱ ያን ዓመት እዚሁ ፈረሰኛ ተብሎ ተሾመ። ብዙ ሳይቆይ ተደባድቦ ታሰረ፣ ከእስር ቤትም አመለጠ። ማኅበሩ ያባረረው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በገዛ ሥዕሉ ፊት ነው።

ስወጣ መድፉ ተተኮሰ። ብሸሽም ሰማሁት።

የቅዱስ ጳውሎስ መርከብ መሰበር ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ሩቅ አይደለም። የሐዋርያው የእጅ አንጓ አጥንት እዚያ አለ ይባላል። ስደርስ ተዘግቷል። ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ በሩን ስሜ፣ ስለ እማዬም አንድ ጊዜ ደግሜ ተሳለምኩ። አንድ ሰውዬ ቆሞ አየኝ። ዓርብ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመስኩም፤ ከዚያ በኋላ ግን የከተማው የዳቦ ቤት ሽታ አላስኬደኝም። ፓስቲዚ የሚሉት አላቸው። ቅጠል በቅጠል የሆነ ሊጥ ነው፤ ውስጡ ወይ አይብ ወይ አተር ይገባበታል። ወረፋ ቆሜ ባለ ሱቋ ከደንበኛዋ ጋር ስታወራ ጆሮዬ ቆመ። ሐምሳ፣ ሲታ፣ ሰብዓ። የማልታ ቋንቋ በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ጣልያንኛም ብዙ ገብቶበታል፤ ሥሩ ግን ዐረብኛ ነው። የቤሩት ዐረብኛዬ ሳልጠራው መጣ። አብዛኛውን የተማርኩት በትእዛዝ ነው፤ አምጪ፣ ውሰጂ፣ ቶሎ በይ።

"የአተሩንም ተይው እህቴ። ሊጡ ውስጥ የአሳማ ስብ አይጠፋም" አለኝ ከኋላዬ አንድ ሰው። በአማርኛ።

ዞር አልኩ። የግንባታ ሠራተኛ ነው። ጫማው በኖራ ነጥቷል። ነጠላውን አይቶ ነው ያወቀኝ። ሰላምታው ረዘመ፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ፣ ሰው ሁሉ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

"በምን መጣሽ?"

"በመርከብ።"

"እኔም በባሕር ነው የመጣሁት" አለና ሳቀ። ከሊቢያ። ሌላ አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ጎን ያለ ካፌ ወስዶ ኪኒ ጋበዘኝ። ከመራራ ብርቱካንና ከቅጠላ ቅጠል የሚሠራ የአገሬው ለስላሳ ነው፤ የመጀመሪያው ጉንጭ መድኃኒት ነው የሚመስለው። ሒሳብ ሲመጣ እንደ ደንባችን ታገልን። "በሞቴ" አልኩት። "አንቺ እንግዳ ነሽ፤ እኔ ባላገር ነኝ" አለኝ። አሸነፈኝ። ከፈለና ወደ ሥራው ሮጠ። እኔ ደግሞ ካቪያር የሚሉት ውድ የዓሣ እንቁላል በነፃ ወደሚቀርብበት መርከብ ወረድኩ።

መርከቧ በር ላይ ቀዝቃዛ ፎጣ ሰጡኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። በግራ የቅዱስ ኤልሞ ምሽግ፣ በቀኝ የሪካሶሊ። ሰው ሁሉ ሻምፓኝ ይዞ ከላይ ተደርድሯል። እኔ ወደ ደቡብ ትንሽ አየሁና ወደ ክፍሌ ገባሁ።

የክፍሌ አስተናጋጅ ኢንዶኔዥያዊ ነው። ከእሱ ጋር ክርክር አለን። እኔ ጠዋት ስነሳ አልጋዬን አነጥፋለሁ። እጄ ነው የሚያነጥፈው፤ እኔ አላዘውም። እሱ ይመጣል፣ አፍርሶ እንደገና ያነጥፈዋል። "እባክዎ አልጋውን ተዉልኝ፤ አለቃዬ ካየ ሥራ የለህም ይለኛል" አለኝ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሆን ብዬ አንሶላውን በታትኜ ወጣሁ። ደስ አላለኝም። ማታ ስገባ ሁለቱም ወገን ተገልጧል። በሁለቱም ትራስ ላይ ቸኮሌት አለ። ባሌም ድርሻው አልቀረበትም።

አስተናጋጁ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ቫሌታ እንዴት ነበረች አለኝ። አንተስ አልወረድክም አልኩት። የወረደው ዋይፋይ ያለበት ካፌ ድረስ ነው፤ ልጁን በቪዲዮ አይቷት ተመለሰ። ጉርሻ ከቲኬቱ ጋር ተከፍሏል ይላሉ። እሱ የኩባንያው ሒሳብ ነው። የእኔን በፖስታ አድርጌ አስቀምጫለሁ።

በሩን ከውስጥ ቆልፌ ትንሽ ተቀመጥኩ። ስለዚህ መርከብ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ ምግቡና ስለ መዋኛው ነው የሚጠይቁኝ። ቤሩት የምተኛው ከኩሽና ጎን ነበር፤ የክፍሉ ቁልፍ እኔ ጋ አልነበረም። ሁለት እጥፍ ከፈልሽ ሲሉኝ የከፈልኩት ለዚህ ቁልፍ ነው። ውድ ነው አልልም።

ለራት ብቻቸውን የመጡ ሰዎች አብረው የሚቀመጡበት ጠረጴዛ አለ። አንድ የመርከቧ ሠራተኛ እንደ ባለቤት ሆኖ ያስተናግዳል። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" እየተባልኩ ስላደግኩ፣ ቀን ቀን ከሰው ብሸሽም ማታ እዚያ እሄዳለሁ። ጎኔ የምትቀመጠው ጡረታ የወጣች የስኮትላንድ አስተማሪ ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ትዞራለች። ካቢኗ ውስጥ ግን አሁንም ከአልጋው በግራ በኩል ብቻ ነው የምትተኛው አለችኝ፤ የቀኙ የእሱ ነበር።

ካቪያር መጣ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ጋ ገና አላለቀም። የዓሣ እንቁላልን ግን ማንም ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም። ለጥንቃቄ አሳለፍኩት። ለሌላው ሰው ቪጋን ነኝ ብዬ እገላገላለሁ፤ ፊሊፒናዊው አስተናጋጅ ግን "ዓርብ ስለሆነ ነው አይደል?" አለኝ። አያቱም ዓርብ ሥጋ አይበሉም ነበር። ኩሽና ሄዶ የምስር ወጥ የሚመስል ነገር አሠርቶ መጣ። ጨው እንኳ የፈሩ ይመስላሉ። ከቦርሳዬ የሚጥሚጣ ብልቃጤን አውጥቼ ነሰነስኩበት።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች አስተማሪዋ።

ትንሽ ብቻ አልኳት። ትንሽ አልወሰደችም። ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ አነባ፣ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ጠጣች። አስተናጋጁ ደንግጦ ሮጦ መጣ። በእጇ መለሰችውና ሳህኗን ወደ እኔ ገፋች። እንደገና አድርጊልኝ ነው።

ነገ ሲሲሊ ውስጥ ባለችው ሰራኩስ ነን። ጳውሎስም ከመላጥያ ተነሥቶ የገባው እዚያ ነበር፤ ሦስት ቀን ተቀምጧል። እኛ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መመለስ አለብን። አስተማሪዋ አብረን እንውረድ ብላ ነበር፤ ብቻዬን መሄድ እፈልጋለሁ አልኳት፤ "ይገባኛል" አለችና ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። ቁርስ ላይ ብልቃጡን ይዘሽ ነይ፣ እንቁላል ላይ ልሞክረው። ነገ ቅዳሜ ነው፤ እንቁላሉን እኔም እበላለሁ።