«ጊት አድ» እና «ጊት ኮሚት» ለምን ተለያዩ?

በኮድ ፋይሎች ላይ የሚደረጉ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበውን ጊት የተባለ ፕሮግራም ለጀማሪዎች ሳስረዳ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ «ፋይሉን አንዴ ሴቭ ካደረግሁት በኋላ ለምን ሁለት ተጨማሪ ትእዛዝ እጽፋለሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። «ጊት አድ» የሚመዘገበውን ለውጥ መርጦ ያዘጋጃል፣ «ጊት ኮሚት» ደግሞ የተዘጋጀውን ብቻ በታሪክ መዝገቡ ውስጥ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ምዝገባም «ኮሚት» ይባላል። መልሱን በሚገባ የተረዳ ሰውም የቀሩትን ትእዛዞች ለመልመድ እምብዛም አይቸገርም።

ሊኑስ ቶርቫልድስ ጊትን እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ለሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) ልማት ነው። ብዙ ሰዎች በሚሳተፉበት እንዲህ ባለ ሥራ እያንዳንዱ ኮሚት አንድ ጉዳይ ብቻ ቢይዝ ለማንበብም፣ ስህተት ሲገኝበት ለመሻርም ይቀላል።

የመግቢያ ገጹን ስህተት ስናርም፣ እግረ መንገዳችንን በሌላ ፋይል የአንድ ቁልፍ ቀለም ቀየርን እንበል። «ጊት ስታተስ» ብለን ስንጠይቅ ሁለቱም ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ በቀይ ተዘርዝረው ይታያሉ። ከ«ጊት አድ» ቀጥሎ የመግቢያውን ፋይል ስም ብቻ ጽፈን እንደገና ብንጠይቅ፣ እርሱ ወደ አረንጓዴ ተለውጦ የቀለሙ ፋይል በቀይ እንደቀረ እናያለን። አሁን «ጊት ኮሚት» ብንል ወደ ታሪክ መዝገቡ የሚገባው አረንጓዴው ብቻ ነው፤ ቀለሙ የራሱን ኮሚትና የራሱን መልእክት ይጠብቃል።

ይህን ምርጫ መዝለል ምን እንደሚያስከትል በራሴ ደርሶብኛል። ጀማሪ ሳለሁ «ጊት አድ» ብዬ ነጥብ በማስከተል በፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስገባሁ፤ የይለፍ ቃል የያዘ ፋይልም አብሮ ገብቶ ስለነበር ኮሚት አድርጌ ፑሽ ስል ወደ ጋራው ሰርቨር ሄደ። ፋይሉን አጥፍቼ ሌላ ኮሚት ማድረጌ ግን ምንም አልፈየደም፤ ምክንያቱም የቀድሞው ኮሚት ከነይለፍ ቃሉ በታሪኩ ውስጥ ስለሚቆይ ወደ ኋላ ሄዶ የሚያይ ሁሉ ያገኘዋል። የይለፍ ቃሉን ወዲያውኑ መቀየር ግድ ሆነብኝ። እንዲህ ያለ ፋይል ስሙ ገና ከጅምሩ፣ ጊት እንዲተዋቸው የምንፈልጋቸው ፋይሎች በሚዘረዘሩበት በ«ጊትኢግኖር» ፋይል ውስጥ ሊጻፍ ይገባል፤ አንዴ ኮሚት ከተደረገ በኋላ እዚያ መጻፉ ብቻ ጊትን ፋይሉን ከመከታተል አያስቆመውም።

ከኮሚት በፊት ስህተቱን ካስተዋላችሁ «ጊት ሪስቶር --ስቴጅድ» እና የፋይሉ ስም ይበቃል፤ ፋይሉ ከዝግጅቱ ሲወጣ የጻፋችሁት ይቆያል። «--ስቴጅድ» የሚለውን ከዘነጋችሁት ግን ትእዛዙ በፋይሉ ላይ ያላዘጋጃችሁትን ለውጥ ይሰርዘዋል፤ ስለዚህ አስገቢውን ከመጫናችሁ በፊት መስመሩን አንድ ጊዜ አንብቡት።