ለማሰቢያ የሚሆን ጊዜ

የፌሎሺፕ፣ ማለትም ለተወሰነ ዓመት ምርምር የሚከፈል ድጋፍ፣ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የሰነበትኩት። የትምህርት ማስረጃው፣ የታተሙት ጽሑፎች ዝርዝር፣ ሪኮመንዴሽን የሚጽፉልኝ ሰዎች ስም ቶሎ አለቀ። የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። «እስካሁን ከሠራሽው የተለየ ምን ልትሠሪ አስበሻል?» የሚለው። ከሁሉም የምወደውም እሱኑ ነው።

ሙያዬ ኮምፒውቴሽናል ኒውሮሳይንስ ይባላል። አንጎል እንዴት እንደሚሠራ በሒሳብና በኮምፒውተር የሚጠና ነው። እኔ የገባሁበት ፊዚክስ ተምሬ ነው። እዚህ ሙያ ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛው ከሌላ ቤት የመጣ ነው፤ ከፊዚክስ፣ ከሒሳብ፣ ከኤሌክትሪካል ምህንድስና። ፒኤችዲ እንዳለቀ የሚሰጡት የሁለትና የሦስት ዓመት ፌሎሺፖችም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለሚሻገር ሰው ትልቅ ነገር ናቸው።

ይህን ለእናቴ ማስረዳት አልቻልኩም ነበር። ስደውልላት «አሁንም ተማሪ ነሽ?» ትለኛለች። «አይ እማዬ፣ ጨረስኩ እኮ!» «ታዲያ ሥራ መቼ ትይዣለሽ?» አልፈርድባትም። ፌሎሺፕ ደመወዝ አለው፣ ግን ቋሚ አይደለም። አለቃ አለው፣ ግን ጥያቄው የራስሽ ነው። አንድ ቀን ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ታሪክ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ መጠየቁን ትታለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቮልፍራም ሹልትዝ የሚባል ተመራማሪ ስዊዘርላንድ ውስጥ ዶፓሚን የሚያመነጩ የጦጣ ነርቭ ሴሎችን የኤሌክትሪክ ምት ይመዘግብ ነበር። መብራት ይበራል፤ ትንሽ ቆይቶ ጦጣው አፍ ውስጥ ጭማቂ ጠብ ይላል። መጀመሪያ ላይ የሴሎቹ ምት የሚጨምረው ጭማቂው ሲመጣ ነው። ጦጣው ነገሩን ሲለምደው ግን ለጭማቂው ምንም አይሉም፤ ምታቸው የሚጨምረው መብራቱ ሲበራ ይሆናል። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረስ? ልክ መምጣት በነበረበት ቅጽበት ምታቸው ከወትሮው በታች ይወርዳል። ይህን ስንቴ አይቼው አሁንም ይደንቀኛል። በዚያች ቅጽበት ምንም አልተፈጠረም እኮ! አዲስ መብራት የለ፣ ጭማቂ የለ። ሴሎቹ ግን የቀረውን ነገር በሰዓቱ ያውቁታል።

በዚያው ሰሞን ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳልክ በሚባለው የምርምር ተቋም፣ በአንጎል ተመራማሪው በቴረንስ ሴይኖውስኪ ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለት ወጣት ፖስትዶኮች (ፒኤችዲ ጨርሰው ለተወሰነ ጊዜ ምርምር የሚሠሩ) ነበሩ፤ ፒተር ዳያንና ሪድ ሞንታግ። ዳያን መጀመሪያ የተማረው ሒሳብ ነው። የኮምፒውተር ሰዎች ማሽን ከልምድ የሚማርበት ቀመር ነበራቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ሪቻርድ ሰተን፣ በ1988 በጻፈው ጽሑፍ አብራርቶታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ያገኘኸውን ከጠበቅከው ጋር አስተያይ፣ በልዩነቱ ልክ ግምትህን አስተካክል። ወጣቶቹ ይህን ቀመር ከሹልትዝ መዝገብ ጎን ሲያስቀምጡት ገጠመ። ለጭማቂው የሚጨምረው፣ ወደ መብራቱ የሚዞረው፣ ሲቀር የሚወርደው፣ ሁሉም። በ1997 ከሹልትዝ ጋር ሆነው ሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡት። በ2017 ዳያንና ሹልትዝ ከሬይ ዶላን ጋር ብሬይን ፕራይዝ የተባለውን ትልቅ ሽልማት ተሸለሙበት።

እናቴ ሰምታኝ ስታበቃ «የጠበቁት ሲቀር ቅር የሚለው ሆድ ነው ስንል አንጎል ኖሯል!» አለች። በቃ፣ ገብቷታል።

እኔን የሚገርመኝ ማንም የደበቀው ነገር አለመኖሩ ነው። ቀመሩ በአንድ በኩል ታትሟል፤ የሴሎቹ ምት በሌላ በኩል። ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ግን ጊዜ ያለው ሰው ያስፈልጋል። የሚያስተምር ፕሮፌሰር ጊዜ የለውም። የፒኤችዲ ተማሪ መመረቂያውን መጨረስ አለበት። መሐል ላይ ያለው ፖስትዶኩ ነው።

ይህ የገባቸው ሰዎች ነበሩ። የአሜሪካው ስሎን ፋውንዴሽን በ1994 በአምስት ተቋማት የቲዎሪ ማዕከላት ከፈተ። ሐሳቡ የፊዚክስና የሒሳብ ልጆችን አምጥቶ ሙከራ በሚሠራበት የአንጎል ላቦራቶሪ ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። ሳልክም ከአምስቱ አንዱ ነው። ኋላ የስዋርትዝ ፋውንዴሽን አብሮ ገባበት። ሂውማን ፍሮንቲየር ሳይንስ ፕሮግራም የሚባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ድጋፍ ሰጪ ደግሞ ፒኤችዲያቸውን ከሕይወት ሳይንስ ውጭ ለሠሩ፣ ወደ ሕይወት ሳይንስ መሻገር ለሚፈልጉ ብቻ የሚሰጠው የሦስት ዓመት ፌሎሺፕ አለው። ማመልከቻው ከድሮው ሥራ የራቀ ሐሳብ ነው የሚጠይቀው። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ደስ ይለኛል።

ሁሉም ግን እንደዚህ አይደለም። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አመልክቼ የመጣልኝ መልስ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አመልካቿ ግን በዚህ ርዕስ ላይ ልምድ የላትም» ይላል። ተናደድኩ፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ልምዱ ቢኖረኝማ ለምን አመለክታለሁ? የምሄደው ልማር ነው። ፌሎሺፕ የሚያውቀውን ለሚደግም ሰው ከሆነ ተራ ደመወዝ ይበቃዋል።

የአገር ቅየራው ነገርም አለ። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኪዩሪ ፌሎሺፕ ፒኤችዲ ካገኙ 8 ዓመት ላልሞላቸው ነው፤ ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ የኖሩበት አገር ላይ ማመልከት አይቻልም። ሰው እንዲንቀሳቀስ፣ ሌላ ላቦራቶሪ እንዲያይ ታስቦ ነው፤ ዓላማው ጥሩ ነው። ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው አገር መቀየር ማለት የኤምባሲ ቀጠሮ፣ የባንክ ወረቀት፣ ወራት የሚፈጅ መጠበቅ ነው። ከፌሎሺፑ ጊዜ ላይ የሚቀነስ የሐሳብ ጊዜ ነው። ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ይህን ቢያውቁት ብዬ እመኛለሁ።

እኔ በዚህ ሙያ ተስፋ የማደርገው በሌላ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ሊጀመር ይችላል። ብዙ ሚሊዮን የሚያወጣ ማይክሮስኮፕ አይፈልግም። አንድ ነርቭ ሴል በጥቂት መስመር ኮድ ይጻፋል፤ ቮልቴጁ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ጣሪያው ጋ ሲደርስ ምት ይሰጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል፣ እንደገና ይጀምራል። መብራት በሄደበት ማታ በላፕቶፕ ባትሪ ይሠራል። አለን ኢንስቲትዩትም ሆነ ኢንተርናሽናል ብሬይን ላቦራቶሪ የሚባሉት የአንጎል ተመራማሪዎች ስብስቦች ከአይጥ አንጎል የመዘገቡትን ዳታ ለማንም ክፍት አድርገውታል። ከ2020 ጀምሮ ኒውሮማች አካዳሚ ይህንኑ ሙያ በኢንተርኔት ያስተምራል። ኬፕታውን አጠገብ፣ ኑርድሁክ በሚባል የባሕር ዳርቻ፣ ኢምቢዞ የሚሉት የክረምት ትምህርት ቤት ከመላው አፍሪካ ልጆች ይሰበስባል። ክረምት የምለው በልማድ ነው፤ የሚካሄደው በጥር ገደማ፣ እዚያ በጋ ሲሆን ነው። ጎበዝ ልጅ እዚያ ድረስ መምጣት ይችላል። የሚጎድለው ቀጣዩ ነው። በአማርኛ የሚያስብ አንድ የፊዚክስ ምሩቅ ሦስት ዓመት ቁጭ ብሎ አንድ ጥያቄ እንዲያብሰለስል የሚከፍልለት የለም፤ ቢኖርም እጅግ ጥቂት ነው።

የእኔ ጥያቄ ያቺው የቀረች ጭማቂ ናት። ሴሎቹ ሰዓቱን ከየት አወቁት? በመብራቱና በጭማቂው መካከል ባለው ባዶ ጊዜ አንጎል ውስጥ ሰዓት የሚቆጥረው ማን ነው? ብዙ ሞዴሎች አሉ፤ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። እስካሁን የሠራሁት በዕይታ ላይ ስለሆነ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ ነኝ። ማመልከቻው ላይ ይህንኑ በመጀመሪያው አንቀጽ ጻፍኩት። በዚህ ርዕስ ላይ ልምድ የለኝም አልኩ። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ዓመት ሙከራ ከሚሠሩት ጋር ተቀምጬ ሴል መመዝገብ እንደምማር፣ ሞዴሉን ከዚያ በኋላ እንደምጽፍ ገለጽኩ። ነገ ለአማካሪዬ እልከዋለሁ። አውጪው ካለችኝ እንከራከራለን።