የቀልደኛን ታሪክ ገድል ሳላደርግ እንዴት እንዳዘጋጀሁት

በዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ካቶሊካውያን ወጣቶች ስለ ቴሌቪዥን ቀልድ ጸሐፊውና አቅራቢው ስለ ስቲቨን ኮልቤር ሕይወት ንግግር እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ አስቀድሜ ለራሴ ያበጀሁት ደንብ ታሪኩ ገድል እንዳይሆን የሚል ነበር። የሚያምን ቀልደኛ ስናገኝ ሰባኪ ማድረግ ይቀናናል፤ ሰውየው ግን እንጀራውን የሚበላው በስላቅ ነው።

ስለዚህ ስለ እምነቱ ከሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ሳይሆን ከሥራው ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2014 በቀረበው «ዘ ኮልቤር ሪፖርት» የራሱን ስም የያዘ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ወግ አጥባቂ ተንታኝ ሆኖ ይጫወት ነበር። ገጸ ባሕርይው የሚለውና ደራሲው የሚያስበው ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ስለሆኑ፣ ማስታወሻዬን በሁለት ዓምድ ከፍዬ የገጸ ባሕርይውን ቃል ከራሱ ቃል ለየሁ። ይህን ሳያደርጉ ስለ ስላቅ ጸሐፊ መጻፍ ሰውየውን ባልያዘው አቋም መክሰስ ነው።

የዓምዶቹ ጥቅም ጎልቶ የታየኝ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ ፊት ስለ ስደተኛ የእርሻ ሠራተኞች በሰጠው ምስክርነት ነው። በገጸ ባሕርይው አንደበት፣ ሜክሲኳዊ የለቀመውን ቲማቲም እንደማይፈልግ፣ ይልቁንም አሜሪካዊ ለቅሞት፣ ጓቲማላዊ ቆራርጦት፣ ቬንዙዌላዊ እንዲያቀርብለት እንደሚሻ ተናገረ። የምክር ቤት አባሏ ጁዲ ቹ ይህን ጉዳይ ለምን እንደመረጠ ስትጠይቀው ግን ጭምብሉን አውልቆ፣ ኃይል ስለሌላቸው ሰዎች መናገር እንደሚወድ ገለጸና ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 «ከሁሉ ከሚያንሱት» የሚለውን ቃል ጠቀሰ። ስብከት የለበትም፤ ለንግግሬ እምብርት ያደረግሁት ግን ይህን ነው።

አባቱና ሁለት ወንድሞቹ በአውሮፕላን አደጋ የሞቱት፣ እርሱ ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር (ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ መሆኑ ታላላቆቻችንን ማስገረሙ አይቀርም)። ብዙዎች ታሪኩን ከዚህ ሐዘን ይጀምራሉ። እኔ ወደ መካከል አመጣሁት፤ በመግቢያ ላይ ከዋለ ከዚያ በኋላ የሚነገረውን ቀልድ ሁሉ ያስለቅሳል፤ ደግሞም በወጣትነቱ እምነቱን ማጣቱና ቺካጎ ጎዳና ላይ በታደለው አዲስ ኪዳን የተራራውን ስብከት አንብቦ መመለሱ አብሮ ካልተነገረ ትርጉሙ ይዛባል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ቀልደኞችን በቫቲካን ሲቀበሉ ኮልቤርም ተገኝቷል፤ ይህ ክብር እንጂ ሥራ ስላልሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌዋለሁ።