ያ ዱር ነው፤ ይህ ዲዛይን ነው

የፋብሪካው ግቢ ማስዋብ ሥራ አማካሪ እሬቶቹ ላይ ላስቲክ እንዲዘረጋ ያዘዙት ሰኔ ላይ ነው። "እሬት የበረሃ ተክል ነው፤ ይህን ዝናብ አይችለውም" አሉ። ይህን ሲሉ በእጃቸው የያዙት የሥራ ዝርዝር ላይ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም "አሎ ደብራና" ተብሎ ተጽፏል። ደብራና የተባለው በደብረ ብርሃን ስም ነው። እኛም የቆምነው ደብረ ብርሃን ነው፤ ያውም ካፖርት ለብሰን።

እኛ ችግኝ አቅራቢዎች ነን። እሬቶቹን ያነሣናቸው የኮብልስቶን ድንጋይ ሊወጣበት ከነበረ ኮረብታ ላይ ነው፤ የድንጋይ ካባው ሳይከፈት ቀድመን አስፈቅደን ነቀልናቸው። ኮረብታውን ያየ ሰው የተክሉን ጠባይ ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ባዛልት ዐለት ነው፤ በዐለቱ ላይ ከስንዝር የማይበልጥ አፈር፣ በአፈሩ ላይ አጭር ሣር፣ በሣሩ መካከል እሬት። ከተማዋ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጥቅምትና ኅዳር ውርጩ አያድርስ ነው። በዓመት ወደ 900 ሚሊ ሜትር የሚጠጋው ዝናብ ደግሞ አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርዳል። እሬቱ ይህን ሁሉ ችሎ ኖሯል። ዝናቡ ይመታዋል፤ ውሃው ግን ተዳፋቱን ይዞ ወዲያው ይሄዳል። የማይችለው ሥሩ በቆመ ውሃ ውስጥ መዋሉን ብቻ ነው። ሥሩ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን የሚሄድ፣ አየር የሚወድ ሥር ነው፤ ሲታፈን ይበሰብሳል።

አማካሪው መደቡን ያስሞሉት ውሃ ይዞ በሚያቆር ዋልካ አፈር ነው። በዚያ ላይ ብስባሽ አስጨመሩበት። ገረጋንቲ ይቀላቀልበት ብንል "ለዓይን አይስብም" ተባልን።

አትክልተኛችን ጋሼ የዚያው አካባቢ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው በግ የጠበቁት እንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ ነው። እሬቶቹ ተነቅለው ሲመጡ ጥላ ሥር አጋድመው፣ የተቆረጠው ሥር ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ ውሃ እንዳይነካቸው የከለከሉት እሳቸው ናቸው። የላስቲኩን ትእዛዝ ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁና ጠጋ አሉ።

"ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ይጠይቁ አባባ።"

"ኮረብታው ላይ የቀሩትን፣ ሐምሌ ሲገባ ማነው ቤት የሚያስገባቸው?"

የቀን ሠራተኞቹ ሁሉ ድንገት መሬት ላይ የሚለቀም ነገር አገኙ፤ አንድም ቀና ያለ የለም። አማካሪው ግን አልተቆጡም። ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አባባ፣ ያ ዱር ነው፤ ይህ ዲዛይን ነው" አሏቸው።

እኔ በበኩሌ የምናገረው ተሰናድቶልኝ ነበር። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከአርባ የሚበልጡ የእሬት ዝርያዎች እንዳሉ፣ ገሚሱ በእርግጥ የቆላ፣ ገሚሱ ግን የደጋ መሆኑን ልነግራቸው ነበር። የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ጊልበርት በ1997 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለሳይንስ ያስተዋወቁት የአንኮበር እሬት ከ3000 ሜትር በላይ፣ ጉም በማይለየው ገደል ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚኖር ልጨምርላቸው ነበር። አፌን ከመክፈቴ የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ በዓይኑ ገላመጠኝ። የመጀመሪያው ክፍያ የእኚሁ አማካሪ ፊርማ ይቀረው ነበር። የአንኮበርን እሬት ዋጥኩት።

ላስቲኩ ተዘረጋ። አስቂኙ ነገር መጀመሪያ ላይ አማካሪው ያሸነፉ መምሰላቸው ነው። ይህ እሬት ፀሐይና ብርድ ሲበረታበት ቅጠሉ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ ራሱን የሚከላከልበት ቀለም እንጂ በሽታ አይደለም። ከላስቲኩ ሥር ሙቀት ሲያገኝና ብርሃን ሲያንሰው አረንጓዴ ሆነ፤ ቅጠሉም ለስልሶ ረዘመ። "ይኸው ለመለመ!" አሉና ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ አነሡት። ፎቶግራፉን በስልክ ሲያሳዩዋቸው ጋሼ "አዎን፣ ወፍሯል" ብለው ዝም አሉ።

እሬት እንደ ሌላው ተክል ቀን አይተነፍስም። ውሃ እንዳይተንበት የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ፣ ለምግብ ሥራው የሚያስፈልገውን አየር ሌሊት ያስገባል። ከላስቲኩ ሥር ያለው ሌሊት ደግሞ ሌላ ነው። ማለዳ ስንደርስ የላስቲኩ ውስጡ በሙሉ ጠብታ ይዞ ነጠብጣቡ የእሬቱ እምብርት ላይ ይወርዳል። ከውጭ የሚመጣው ጎርፍም ቢሆን በላስቲኩ አልተከለከለም፤ በመደቡ ጠርዝ እየሰረገ ዋልካው ውስጥ ተኛ።

ነሐሴ ላይ አንዱን ቅጠል ይዤ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ተክሉ በሙሉ ያለ ምንም ትግል ተነሥቶ እጄ ላይ ቀረ፤ ሥሩ እዚያው አፈር ውስጥ ነው። ታችኛው ጎኑ ቡናማ ሆኖ ያዝለገልጋል፤ የውጪዎቹ ቅጠሎች ውስጣቸው እስኪታይ ድረስ ሳስተዋል። ሽታው ከእጄ በሳሙና አልለቅ ብሎኝ ዋለ። የሚቀጥለውም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ ነበር።

በመደቡ ቦታ አጥተው የተረፉትን ጋሼ መጀመሪያውኑ በጥበቃው ቤት አጠገብ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ፣ በድንጋዮቹ መካከል ሰግስገዋቸው ነበር። አፈር እንኳ እንደ ነገሩ ነው ያደረጉላቸው። ማንም ላስቲክ አላለበሳቸውም፤ የክረምቱን ዝናብ እስከ ጠብታው ጠጥተዋል። አንዱን ልነቅል ብሞክር ድንጋዩ አብሮ ተነቃነቀ።

የርክክቡ ሪፖርት ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የተቀመጠው የዚያ ካብ ፎቶግራፍ ነው። "በአማካሪው የቅርብ ክትትል የጸደቁ አገር በቀል እሬቶች" ይላል ከሥሩ። የመደቡ ጉዳይ ገባ ብሎ በአንድ መሥመር ተጠቅሷል፦ የአቅራቢው የችግኝ ጥራት ጉድለት። የሞቱትን በራሳችን ወጪ ተካን። ቢሯችን ውስጥ እስከ ዛሬ አንድ ነገር ከእጁ ወድቆ የተሰበረበት ሰው "ያ ዱር ነው፤ ይህ ዲዛይን ነው" ሳይል አያነሣውም።

ከዚያ ወዲህ በየውላችን አንድ አንቀጽ አስገባለሁ። እሬት የሚተከልበት መደብ ተዳፋት ይኑረው፣ ከሥሩ ጠጠር ይነጠፍ፣ ዋልካ አይግባበት፣ ብስባሽ አይብዛበት ይላል። ባለፈው ጊዜ ለሌላ ግቢ ሥራ ውል ልንፈርም ስንገባ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት እኚያው አማካሪ ናቸው። አንቀጹን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያም ወደ ባለቤቱ ዞረው፣ "ይህ በጣም ትክክል ነው፤ እኔም ሁልጊዜ የምለው ይህንኑ ነው። አቅራቢዎች ግን አይሰሙም" አሉ።

ሥራ አስኪያጃችን አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀና ቅድመ ክፍያው ስንት በመቶ እንደሆነ ጠየቀ።