«ወርድ አድርጊልኝ»

ሱቄ ደብረ ብርሃን ነው፣ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ያለኝ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። በኅዳር ውርጭ ጣቴ ኪቦርዱን እንዲታዘዝ መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ ማቀፍ አለብኝ። ሰው ሲገባ ከ«እንዴት አደርሽ» ቀጥሎ የሚለኝ «ይቺን ወርድ አድርጊልኝ» ነው። ወይም «ፒዲኤፍ አድርጊልኝ»።

ቀላል ሥራ ይመስለኝ ነበር። ከነፃዎቹ የፋይል መቀየሪያ ድረ ገጾች አንዱን እከፍታለሁ፣ ፋይሉን እጭናለሁ፣ የተቀየረውን አወርዳለሁ፣ ሒሳቤን እቀበላለሁ። አለቀ።

ባለፈው ኅዳር አንድ ጋሼ መጡ። ከደብረ ሲና ጣርማ በርን ተሻግረው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው። የእድራቸው ጸሐፊ ናቸው። ከመሐረብ ውስጥ ፍላሽ ፈተው ሰጡኝ። 14 ገጽ መተዳደሪያ ደንብ ነው፣ በፒዲኤፍ። ጉባኤው ሁለት አንቀጽ አሻሽሏል። «ወርድ አድርጊልኝ ልጄ፣ ሁለቷን አስተካክለሽ አትሚልኝ፣ በስምንት ሰዓቱ መኪና እመለሳለሁ» አሉኝ።

ፒዲኤፉ ስከፍተው ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ቀየርኩት። ወርዱን ስከፍት ግን የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የፐርሰንት ምልክት ተደባልቆ ተደረደረልኝ። አንድ «ሀ» እንኳ የለም። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉና «ይሄ የማን ደንብ ነው?» አሉ። ሌላ ድረ ገጽ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ሦስተኛው ግማሽ ላይ ደርሶ ኔትወርክ ሄደ።

ነገሩ የገባኝ የተጻፈበትን ፎንት ሳይ ነው። ደንቡ የተተየበው ድሮ፣ በፓወር ግዕዝ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለየአገሩ ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒዩተሮች የጋራ መዝገብ ነው) የገባው በ1999 ነው፣ በፈረንጆቹ። ከዚያ በፊት (እኛ አገር ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት) የፎንት ሠሪዎቹ ያደረጉት የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ፊደል መሳል ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ነው፣ ለዓይናችን ብቻ አማርኛ ያሳየናል። አንድ ፎንት የነበረው ቦታ ደግሞ ቢበዛ 256 ነው። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፣ እነ ሏ፣ ቁጥሮቹና አራት ነጥቡ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ያከፋፈሉም ነበሩ። መቀየሪያው መልኩን ትቶ ከሥር የተቀመጠውን ነው ያወጣልኝ። አልዋሸም እኮ።

ያ ፎንት ማሽኔ ላይ ቢኖር ኖሮ ጽሑፉን መርጬ ፎንቱን መቀየር እሞክር ነበር። የለኝም። ስለዚህ በሌላ በር ገባሁ። ገጾቹን ፎቶ አድርጌ ጉግል ድራይቭ ላይ ጫንኩና በጉግል ዶክስ ከፈትኳቸው። ይሄኛው ከሥር ያለውን ኮድ አያይም፣ እንደ ሰው ቅርጹን አይቶ ነው የሚያነበው። አማርኛም ያነባል።

እየተጫነ እያለ ጋሼ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩና «አሁን ደንባችን የት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁኝ።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስንት ዓመት ስሠራ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። የእድር ደንብስ ማንም ቢያነበው ምንም አይደል። እኔ ግን በዚያው ሳምንት የሰው መታወቂያ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ስሙን እንኳ በማላስታውሰው ድረ ገጽ ቀይሬያለሁ። ፋይሉ የማላውቀው ሰው ኮምፒዩተር ላይ ደርሶ ነው የሚመለሰው። «በሰዓታት ውስጥ እናጠፋለን» ብለው የሚጽፉ አሉ። ያጥፉት አያጥፉት በምን አያለሁ? በማርች 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ የዴንቨር ቢሮም አንዳንድ ነፃ መቀየሪያዎች ቫይረስ ጭነው እንደሚመልሱ፣ ከፋይሉም የግል መረጃ እንደሚቃርሙ አስጠንቅቋል።

አሁን የሰው ሰነድ ከሆነ ኢንተርኔት ላይ አልጭንም። ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ወርዱን ያለ ኔትወርክ ፒዲኤፍ ያደርጋል። ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ፕሪንት ብሎ ከፕሪንተሮቹ ዝርዝር «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው፣ ፎቶም ይሁን ጽሑፍ። ዳታም አይበላም። (እግረ መንገዴን፦ ዶክመንት በቴሌግራም የምትልኩልኝ ሰዎች፣ እባካችሁ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ ከዚያ «ማኅተሙ ለምን ደበዘዘ» ብላችሁ እኔን ትቆጣላችሁ።)

ወደ ጋሼ ልመለስ። አማርኛው መጣ፣ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ደንቡን በቃላቸው ነው የሚያውቁት። እኔ ሳነብ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ «ያለ በቂ ምክንያት ከቀብር የቀረ አባል 100 ብር ይከፈላል» ብዬ አነበብኩ።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ይከፈላል? እንዲህማ ከሆነ ማን ይቀብረናል!»

ማሽኑ «ፍ»ን «ፈ» ብሎ አንብቧታል። ተሳስቀን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርን፣ ቃል በቃል። «እ» ያለበት «አ» የሆነው፣ «ለ» ያለበት «ሰ» የሆነው ብዙ ነበር። የስምንት ሰዓቱ መኪና አመለጣቸው።

ስንጨርስ ሁሉንም በኒያላ ፎንት አድርጌ ፍላሹ ላይ ሁለት ፋይል አስቀመጥኩላቸው፣ አንድ ወርድ፣ አንድ ፒዲኤፍ። የታተመውን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ፍላሹን ሳቀብላቸው በእጃቸው መለሱልኝ።

«እሱ አንቺ ጋ ይቀመጥ። የት እንዳለ አውቃለሁ» አሉ።