የእናቴ ጆሮና የአብዬ ጭቃ

አብዬ የሄድኩት በ2009 ዓ.ም. ነው። ሰው «ሱዳን ነው ደቡብ ሱዳን?» ይለኛል። ሁለቱም የእኔ ነው የሚሉት መሬት ነው፤ እኛንም ያስኬደን ይኸው ነው። የጸጥታው ምክር ቤት በሰኔ 2003 ዓ.ም. የሰላም አስከባሪ ኃይሉን ሲያቋቁም እስከ 4,200 ወታደር ፈቅዶ ነበር፤ ጦሩም የኛው ነበር። ሰፈር ውስጥ ግን ይህን ሁሉ የሚያወራ የለም። «ሚሽን ሄደ» ነው የሚባለው። ሚሽን ሄደ ማለት ደግሞ ቤት ሊሠራ ነው ማለት ነው።

አልዋሽም፣ እኔም ለዚያው ነበር። ቢሾፍቱ ዳር ከአባቴ የደረሰችኝ ቁራሽ ቦታ ነበረች። ውክልናውን ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቼ ሄድኩ።

የካምፕ ኑሮ እንደምታስቡት ጥይት በጥይት አይደለም። ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት፣ ስፖርት፣ ቆጠራ፣ ሻይ በዳቦ፣ ከዚያ ቅኝት ወይም ጥበቃ። ማታ አጎበር ውስጥ መግባት። ጄኔሬተሩ ሲጮህ ማደር ይለመዳል፤ እንዲያውም ዝም ያለ ለት ነው የምንነቃው። የዩኤን በረዶ ዶሮ ከወር በኋላ ፊት ያስዞራል፤ ሽሮ የተሠራ ቀን ግን ሰልፉን ብታዩት!

ኔትወርክ የሚይዘው አንድ ቦታ ነው። የውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ የአሸዋ ከረጢቱ ላይ ወጥተህ ስልክህን ወደ ላይ ይዘህ። አንዱ ሲያወራ ሌላው ተራ እየጠበቀ ስለሚሰማ ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ ማን ከአማቱ ጋር እንደተጣላ፣ የማን እህት ዓረብ አገር እንደሄደች፣ ማን ዕቁብ እንደደረሰው ጋንታው በሙሉ ያውቃል። አንዱ ጓዳችን ሚስቱ ወንድ ስትወልድለት እኛ ተሰብስበን ስም አወጣን። ለካ አማቱ እዚያ ሌላ ስም አውጥተዋል። ግድ አልሰጠንም፣ እስክንመለስ በኛው ስም ነበር «እንዴት አደረ?» የምንለው።

መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ «በላህ? ሙቀቱ እንዴት ነው?» ትለኝ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ወሬው «ብረት አነሰ»፣ «ሲሚንቶ ጨመረ» ሆነ። እኔም ብሶብኝ ነበር። ልጄ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ሲጠይቁኝ አስቤ ነው የምመልሰው፣ የባለ 32 ቆርቆሮ ዋጋ ግን በእንቅልፌም አልስተውም። ልጅቷ በኢሞ ስትመጣ «አባዬ፣ እይ» ብላ አዲስ የወለቀ ጥርሷን ልታሳየኝ ስልኩን ስታስጠጋ እኔ «ቆይ የኔ ቆንጆ፣ ከኋላሽ ያለውን ግድግዳ አሳይኝ» ያልኳት ቀን አለ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስለ ቤቱ አንድም ቀን አንስታ የማታውቅ እናቴ ብቻ ናት። ቪዲዮ ነው ብንላት አትሰማም፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ ያየሁት የእናቴን ጆሮ ነው። «ልጄ፣ ድምፅህ ከሳ» ትለኛለች። ድምፅ እንዴት እንደሚከሳ አላውቅም፤ ግን ወባ ይዞኝ ደብቄያት የነበረ ሰሞን ነው ያለችኝ።

አሁን ስለ ጭቃው ላውራ። የአብዬ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ያኔ ሚሴሪያ የሚባሉት ከብት አርቢዎች ውኃና ሳር ፍለጋ ከሰሜን ከብቶቻቸውን እየነዱ ይወርዳሉ፤ የአካባቢው ነዋሪዎች የንጎክ ዲንካዎቹ ከብትም እዚያው ነው፤ የኛ ሥራ የሚበዛውም ያኔ ነው። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ግን ያ መሬት ያብጣል። መኪና ይውጣል። መንገዱ ሲዘጋ ስንቁን ሄሊኮፕተር ነው የሚያመጣው። አንድ ቀን የተዋጠ መኪና ለማውጣት ከጠዋት እስከ ማታ ስንቆፍር ዋልን። እዚያ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ድንገት የቢሾፍቱ ቦታዬ ትዝ አለኝ። እሱም ዋልካ ነው!

ማታ ታንከሩ ጋ ሮጥኩ።

«ጥቁሩን አፈር አውጥታችሁታል? መሠረቱ ስር ያለውን?»

«ጋሼ፣ ባለሙያ አለ። አንተ እዚያ ሰላም አስከብር» አለኝ ወንድሜ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ለሳምንት ያህል ስገባ ስወጣ «ጥቁሩ አፈር ወጣ ወይ?» ሆኖ ነበር ሰላምታቸው።

አልወጣም። ስመለስ ቤቱ ቆሟል፣ ቀለሙ ሳይቀር ተቀብቷል፣ ዘመድ ተሰብስቦ እልልታ ነው። እኔ ግን ገና ከመግባቴ ዓይኔ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከመስኮቱ ጥግ ወደ ላይ የሄደች ቀጭን ስንጥቅ ላይ አረፈ። ወንድሜ ዓይኔን ተከትሎ አያትና አንገቱን ደፋ። ምንም አላልኩትም። ያን ሁሉ ብር በእጁ ይዞ አንዲት ሳንቲም ሳያጎድል ደረሰኙን በፌስታል ጠቅልሎ የጠበቀኝን ልጅ ምን እለዋለሁ?

ባለቤቴ ስንጥቁ ላይ ፎቶ ሰቅላበታለች። ሰማያዊውን ቤሬታ አድርጌ፣ ከታንከሩ አጠገብ የተነሳሁት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ትንሽ ይጣመማል፤ አስተካክለዋለሁ።